ስለ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ውርስና ስለ ጠባቂዎቻቸው

ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ፣ በቢሊዮን የሚቈጠሩ ትራንዚስተሮች ጥፍር በምታህል ሰሌዳ ላይ የተነጠፉበት የኢንቴል ወይም የኤ.ኤም.ዲ. ፕሮሰሰር፣ የኤሌክትሪክ ኃይል አግኝቶ በሚነቃባት በመጀመሪያዪቱ ቅጽበት፣ የዘመኑን ጥበብ ሁሉ ለጊዜው ወደ ጎን ትቶ፣ በ1978 እንደ ተወለደው እንደ ቀዳማዊ አባቱ እንደ 8086 ሆኖ ሥራውን ይጀምራል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተቈጠሩ መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።) ካህኑ በቤቱም በገበያም በአማርኛ ሲነጋገር ሰንብቶ ቅዳሴውን ግን በግእዝ እንደሚጀምር፣ ይህም ፕሮሰሰር በ64 ቢት ይሠራ ዘንድ የተፈጠረ ሲሆን የመጀመሪያ ቃሉን በ16 ቢት ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ነው የኮምፒዩተሩ መነሻ ፕሮግራምና እርሱን የሚከተለው ስርዓተ ክወና ከማዕርግ ወደ ማዕርግ፣ በመጀመሪያ ወደ 32፣ በመጨረሻም ወደ 64 ቢት የሚያወጡት። ፕሮሰሰሩን የሚሠራው ኢንቴል ራሱ ይህን ልማድ ሊሽረው አስቦ፣ በ2023 «ኤክስ86ኤስ» የተባለ ረቂቅ አውጥቶ፣ ፕሮሰሰሩ ከመነሻው በ64 ቢት እንዲነቃና የቀድሞዎቹ ማዕርጋት እንዲቀሩ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ዳሩ ግን ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቈይቶ፣ በ2024 መጨረሻ፣ ረቂቁን ያወጣው እርሱ ራሱ ተወው።

ሰው መሣሪያውን ባሻሻለ ቍጥር አሮጌውን ይጥላል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው፤ በእርሻና በጦር መሣሪያ ታሪክ ውስጥም ይህ በአብዛኛው እውነት ሊሆን ይችላል። በኮምፒዩተር ውስጥ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ከርነል የሚባለው የስርዓተ ክወናው ማእከል፣ በፕሮግራሞችና በግዙፉ ዕቃ መካከል ቆሞ ማኅደረ ትውስታውን የሚያከፋፍል፣ ፕሮግራሞቹን ተራ የሚያስጠብቅ፣ ዲስኩንና ኪቦርዱን፣ ስክሪኑንና ሰዓቱን እያንዳንዳቸውን በየቋንቋቸው የሚያነጋግር በመሆኑ፣ አንድ ዕቃ ከገበያ ጠፍቶ፣ ፋብሪካው ተዘግቶ፣ የሠሩትም መሐንዲሶች ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ያን ዕቃ ያነጋግር የነበረው የኮድ ክፍል በከርነሉ ውስጥ ቀርቶ ይገኛል። ይህ ቅሬት ምን ይሁን? ይጠበቅን ወይስ ይሻር? የሚሽረውስ ማን ነው? በዚህ ሐተታ ለዚህ ጥያቄ አስረጅ አድርጌ የምይዘው የሊኑክስን ከርነል ነው፤ ምክንያቱም ኮዱም፣ ክርክሩም፣ የውሳኔውም ቀን ለማንም ሰው ግልጥ ሆኖ በመዝገብ ተጽፎ ስለሚገኝና፣ የሌሎች ስርዓተ ክወናዎች ባለቤት የሆኑት ኩባንያዎች ምክር ግን በተዘጋ በር ውስጥ ስለሚካሄድ ነው።

ውርስ በውርስ ላይ እንደምን እንደሚደራረብ ለማየት ኤ20 ከተባለችው መስመር የበለጠ ምስክር አይገኝም፤ ስለዚህ በእርስዋ ላይ ጥቂት እንቈይ። ጥንታዊው 8086 ማኅደረ ትውስታውን የሚጠራባቸው 20 የአድራሻ መስመሮች ብቻ ነበሩት፤ በ20 መስመር የሚደረሰው ወሰን አንድ ሜጋባይት በመሆኑ፣ ከዚያ ያለፈ አድራሻ የጠራ ፕሮግራም ዞሮ ወደ ዜሮ ይመለስ ነበር። ከዚህም በፊት፣ በ1974፣ ጋሪ ኪልዳል የተባለው አሜሪካዊ ለስምንት ቢት ኮምፒዩተሮች ሲፒ/ኤም የተባለውን ስርዓተ ክወና በሠራ ጊዜ፣ ፕሮግራሞች አገልግሎት ሲሹ በአምስተኛዋ አድራሻ በኩል እንዲጠሩት ሥርዓት አቁሞ ነበር፤ በ1981 አይ.ቢ.ኤም. የመጀመሪያውን ፒሲ ሲያወጣ አብሮት የወጣው ዶስ፣ የሲፒ/ኤም ፕሮግራሞች ያለ ብዙ ድካም ወደ እርሱ እንዲሻገሩለት ፈልጎ ይህችን የአምስተኛ አድራሻ በር ጠበቃት፤ በሯ እንድትሠራ ያደረገውም ከአንድ ሜጋባይት አልፎ ወደ ዜሮ በሚመለሰው በዚያ መዞር ተጠቅሞ ነው። በ1982 የተወለደው 286 ግን 24 መስመሮች ይዞ ስለ መጣ፣ ይዞር የነበረው አድራሻ መዞሩን ትቶ ወደ ላይኛው ማኅደር ቀጥ ብሎ ማለፍ ጀመረ፤ በመዞሩ የተመኩትም ፕሮግራሞች ሊሰናከሉ ሆነ።

የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲሶች በ1984 ፒሲ/ኤቲ የተባለውን ኮምፒዩተር ሲያዘጋጁ ለዚህ ያገኙት መፍትሔ፣ ከዜሮ ሲቈጠር 20ኛ በሆነችው መስመር ላይ የምትከፈትና የምትዘጋ በር ማቆም ነበር፤ በሯን የሚያዝ ትርፍ ሽቦ ሲፈልጉም በኪቦርድ ተቈጣጣሪው በ8042 ቺፕ ላይ አንድ ያልተያዘ እግር አገኙና ሥልጣኑን ለእርሱ ሰጡት። እንግዲህ ሰው የሚመታቸውን ፊደሎች እንዲቀበል የተሾመው ቺፕ፣ ከሲፒ/ኤም ዘመን የወረደ አንድ ልማድ እንዳይፈርስ ሲባል፣ የማኅደረ ትውስታው በረኛ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። በሊኑክስ የመነሻ ኮድ ውስጥ ለዚህች በር ብቻ የተጻፈ ራሱን የቻለ ፋይል ይገኛል፤ እርሱም በመጀመሪያ በሯ አስቀድማ ተከፍታ እንደ ሆነ ይፈትናል፤ ካልተከፈተች ባዮስ የተባለውን የኮምፒዩተሩን መነሻ ፕሮግራም ይለምናል፤ ባዮሱ ካልሆነለት የኪቦርዱን ተቈጣጣሪ ያዝዛል፤ ያም ካልሠራ ኋላ የተፈለሰፈውን ፈጣን መንገድ ይሞክራል፤ ይህን ሁሉ ደጋግሞ ሲደክም ቈይቶ ነው በሯ አልመልስ ብላኛለች ብሎ የሚያቆመው። የኪቦርድ ተቈጣጣሪ ጭራሹን በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ከንቱ ሲጠብቅ እንዳይኖርም ሌላ ፍተሻ ተጨምሮበታል። በእኔ አስተያየት የከርነል ሠሪዎችን ትዕግሥት ለመመዘን ሌላ ብዙ መጽሐፍ ከማንበብ ይህን አጭር ፋይል ማንበብ ይበቃል።

የሰዓቱም ነገር ከዚህ አያንስም። በከርነሉ ውስጥ 1193182 የሚል፣ ምክንያቱን ለማያውቅ ሰው እንዲያው በዘፈቀደ የተወረወረ የሚመስል ኍልቍ አለ። ይህ በፒሲ ውስጥ የነበረችው የሰዓት ቺፕ በአንዲት ሴኮንድ የምትመታው ምት ነው። የመጀመሪያው ፒሲ ከቀለም ቴሌቪዥን ጋር መስማማት ይችል ዘንድ፣ አሜሪካ በ1953 ላጸደቀችው የቀለም ቴሌቪዥን ሥርዓት ከተመደበው ድግግሞሽ አራት እጥፍ በሆነ በአንድ የ14.31818 ሜጋኸርዝ ክሪስታል እንዲሠራ ተደረገ፤ ያን ድግግሞሽ ለሦስት ቢከፍሉት የፕሮሰሰሩን የ4.77 ሜጋኸርዝ ፍጥነት፣ ለ12 ቢከፍሉት ደግሞ የሰዓቱን ምት አገኙ። ቴሌቪዥኑ ሄደ፣ ክሪስታሉም ሄደ፤ ኍልቁ ግን አልሄደም።

ወደ ሊኑክስ ልደት እንለፍ። ኢንቴል በጥቅምት 1985 ይፋ ያደረገው 386፣ 275000 ትራንዚስተሮች የነበሩት፣ በ32 ቢት የሚሠራና የአንዱን ፕሮግራም ማኅደር ከሌላው የሚከልል ፕሮሰሰር ነበር። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር ገዝቶ፣ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር፣ በ21 ዓመት ዕድሜው፣ ለመዝናኛ ያህል አንድ ስርዓተ ክወና እየሠራ መሆኑን ሚኒክስ ለተባለው ስርዓተ ክወና ተጠቃሚዎች ማኅበር በጽሑፍ አስታወቀ። በዚያ ማስታወቂያ ላይ ሥራው ወደ ሌላ ፕሮሰሰር ሊሻገር እንደማይችል፣ ከኤቲ ዲስኮች በቀር ሌላ ዕቃ ይደግፋል ብሎም እንደማይገምት፣ ያለው ዕቃ ያ ብቻ መሆኑን ገለጠ። ከዚህ የምንማረው ጥንተ ነገሩን ነው፦ ሊኑክስ ከመነሻው የደገፈው፣ በጸሓፊው ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ዕቃ ነው፤ ሌሎች ሰዎች በየጠረጴዛቸው ያለውን እያሰቡ ድርሻቸውን ሲጨምሩ ነው የሰፋው። በ1995 የወጣው 1.2 የተባለው እትም አልፋ፣ ሚፕስና ስፓርክ የተባሉትን ፕሮሰሰሮች ጨመረ፤ ከዚያም በኋላ ያለው ዕድገት ዛሬ በእያንዳንዱ አንድሮይድ ስልክ ውስጥ ያደረሰው ነውና ብዙ መተረክ አያስፈልገውም።

የሚያስደንቀው ይህ ከሆነ በኋላ 386 ራሱ፣ ሊኑክስን ያስወለደው ዕቃ፣ ከሊኑክስ የወጣበት ታሪክ ነው። ፕሮሰሰሩ አንድ ጉድለት ነበረበት። ስርዓተ ክወናው አንድን ፕሮግራም በሁለት ሲያባዛ የማኅደሩን ገጾች ወዲያው አይገለብጥም፤ ሁለቱ ገጹን በጋራ እንዲያነቡ ፈቅዶ መጻፍን ግን ይከለክላቸዋል፤ ከሁለቱ አንዱ ሊጽፍ የተነሣ እንደ ሆነ ፕሮሰሰሩ ያስታውቀዋል፣ ከርነሉም ያን ጊዜ ለጻፊው የራሱን ቅጂ ያዘጋጅለታል። 386 ግን ይህን ክልከላ የሚያስከብረው ተራው ፕሮግራም ሲጽፍ ብቻ ነበር፤ ከርነሉ ራሱ በፕሮግራሙ ስም ሊጽፍ በሞከረ ጊዜ ክልከላውን አይቶ እንዳላየ ያልፈው ነበር። ስለዚህም ፕሮሰሰሩ ሊያደርገው ይገባ የነበረውን ምርመራ ከርነሉ በእጁ ማድረግ ግድ ሆነበት። በ1989 የወጣው 486 ይህን ጉድለት አረመ፤ በተጨማሪም አንድን ዋጋ ከሌላው ጋር አነጻጽራ በማትከፈል በአንዲት ርምጃ የምትለውጥ ትእዛዝ አመጣ፤ ይህች ትእዛዝ ብዙ ፕሮሰሰሮች በአንድ ማኅደር ላይ ሲሠሩ የአንዱን ሥራ ሌላው እንዳያፈርስበት የምትጠብቅ ስለ ሆነች፣ ያለ እርስዋ የዘመኑን ከርነል ማሰብ አስቸጋሪ ነው። ለብዙ ዓመታት ሊኑክስ በተነሣ ቍጥር፣ ይህ ፕሮሰሰር የመጻፍን ክልከላ በከርነልም ላይ ያስከብራል ወይስ አያስከብርም ብሎ እየፈተነ ውጤቱን በስክሪን ላይ ያስነብብ ነበር፤ የሰነፍ ፕሮሰሰር ፍራቻ ለትጉሆቹም ሁሉ ተረፈ ማለት ነው።

ኢንቴል የ386ን ሥራ በ2007 አቆመ። በታኅሣሥ 2012 ኢንጎ ሞልናር የተባለው ከታላላቆቹ የከርነል ሠሪዎች አንዱ የ386ን ድጋፍ የሚሽር ሥራ ለቶርቫልድስ አቀረበ፤ የሚወጡት መስመሮች 400 ያህል ብቻ ነበሩ። ምክንያቱንም ሲገልጥ፣ የብዙ ፕሮሰሰሮችን መተሳሰር የሚመለከተው ኮድ በተነካ ቍጥር ይህ አሮጌ ክፍል ለዓመታት ተጨማሪ ድካም ሲያመጣባቸው እንደ ኖረ አመለከተ፤ አያይዞም ሊኑስ በ1991 የገዛው የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ከእንግዲህ አዲሱን ሊኑክስ ማስነሣት እንደማይችል በጨዋታ መልክ አስታወሰው። ቶርቫልድስ ናፍቆት የሚያሸንፈው ሰው አለመሆኑን ተናግሮ፣ በመሄዱም ደስ እያለው ሥራውን ተቀበለ፤ በየካቲት 2013 የወጣው 3.8 እትም ያለ 386 ወጣ። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው የመስመሮቹን ብዛት አይደለም፤ 400 መስመር በሚሊዮኖች ውስጥ ምንም አይደለም። ያስከፈለው ዋጋ፣ የሌሎቹን መስመሮች ሁሉ የሚጽፍ ሰው፣ ማንም የማይጠቀምበትን አንድ ዕቃ ዘወትር በልቡ ይዞ እንዲጽፍ መገደዱ ነበር።

የፍሎፒው ታሪክ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። የፍሎፒ ዲስክን ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን የሚያነጋግረውን የኮድ ክፍል፣ ቶርቫልድስ ራሱ በ1991 መጻፍ ጀምሮ ነበር። ሶኒ በጃፓን ፍሎፒ መሸጥን በ2011 አቆመ፤ ድራይቨሩ ግን በከርነሉ ውስጥ ቈየ። የከርነሉ ምንጭ ኮድ አንድ የጠባቂዎች መዝገብ አለው፤ በዚያ መዝገብ እያንዳንዱ ክፍል ማን እንደሚጠብቀውና በምን ሁኔታ እንዳለ ይጻፋል፤ ጠባቂ የሌለው እጓለ ማውታ ተብሎ ይመዘገባል። በ2019 የፍሎፒው ጠባቂ የሚሠራ የፍሎፒ ማጫወቻ በእጁ እንደሌለ በገለጠ ጊዜ፣ ቶርቫልድስ ድራይቨሩን በዚሁ ስም መዘገበው፤ በዚያውም ጊዜ በገበያ የሚገኙት ማጫወቻዎች በዩ.ኤስ.ቢ. የሚሠሩ በመሆናቸው ይህን ድራይቨር እንደማይነኩት፣ ድራይቨሩ ትኩረት የሚያገኘው በእውነተኛው ዕቃ ሳይሆን በምናባዊ ኮምፒዩተሮች ውስጥ በሚመሰለው ፍሎፒ ምክንያት መሆኑን አስገነዘበ። ሌላ ሰው ቀርቦ ጥበቃውን ተረከበና ድራይቨሩ ዳነ። ከ386 ጋር አነጻጽሩት፤ ሁለቱም ዕቃዎች ከገበያ ወጥተዋል፣ የሁለቱም ድጋፍ ከሊኑክስ መነሻ ዘመን የመጣ ነው፤ ነገር ግን አንደኛው የሌሎችን ሥራ ያሰናክል ነበር፣ ሌላው በራሱ ክፍል ተቀምጦ ማንንም አያውክም፤ አንደኛው ጠባቂ አጣ፣ ሌላው አገኘ።

ምናባዊ ኮምፒዩተሮች የተባሉት፣ በአንድ ግዙፍ ኮምፒዩተር ውስጥ እንደ ብዙ ኮምፒዩተሮች ሆነው የሚሠሩት ፕሮግራሞች፣ ሌላ ምዕራፍ ከፍተዋል። ዕቃው በሥጋ ከጠፋ በኋላ አምሳሉ ይቀጥላል፤ አምሳሉም አደጋ አለበት። በግንቦት 2015 አንድ የጸጥታ መርማሪ ኪው.ኢ.ኤም.ዩ. በተባለው የምናባዊ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ፣ የፍሎፒን ተቈጣጣሪ በሚመስለው ክፍል ላይ፣ በምናባዊው ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ሰው ወጥቶ አስተናጋጁን ኮምፒዩተር ሊቈጣጠር የሚችልበትን ቀዳዳ አገኘ፤ ቀዳዳውም ቬኖም ተባለ። ስህተቱ ከ2004 ጀምሮ በዚያ ተቀምጦ ነበር፤ ያ ኮድ ሌሎች ብዙ ምርቶች የተካፈሉት ስለ ነበረ፣ በ2015 ፍሎፒ ገብቶባቸው የማያውቅ ብዙ የኩባንያ ኮምፒዩተሮች በፍሎፒ ምክንያት መታደስ አስፈለጋቸው። ይህ ስህተት በከርነሉ ውስጥ እንዳልነበረ ለእውነት መናገር ይገባል፤ ሆኖም በአሮጌ ዕቃ ላይ የሚነሣውን ክርክር ለውጦታል። ቀድሞ አሮጌ ኮድ ቦታ ያባክናል፣ ጊዜ ይወስዳል ይባል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም የማያየው ኮድ ሌባ የሚገባበት በር ነው የሚሉት ሰዎች ድምፅ በረታ።

በዚህ ስሜት ውስጥ ነው የ2018ቱ ታላቅ ጽዳት የመጣው። አርንድ በርግማን የተባለው የከርነል ሠሪ ስምንት የፕሮሰሰር ዓይነቶችን በአንድ ጊዜ አስወገደ፤ ብላክፊን፣ ክሪስ፣ ታይል፣ ሜታግና የቀሩት፣ ስማቸው ለብዙ አንባቢ ምንም የማይነግር፣ በአንድ ወቅት ግን በስልክ መሣሪያ፣ በካሜራና በመገናኛ ዕቃ ውስጥ የሠሩ ናቸው። የወጣው ኮድ ግማሽ ሚሊዮን መስመር ያህል ነበር። እንደ በርግማን ሐተታ የስምንቱም ዕጣ አንድ ነው፤ አንድ ኩባንያ ፕሮሰሰሩንም፣ ቺፑንም፣ ሶፍትዌሩንም ብቻውን ተሸክሞ ሲሄድ፣ የሌላውን ተዘጋጅቶ የቆመ ፕሮሰሰር ፈቃድ ገዝቶ መሥራት ረክሶ ስላገኘው የራሱን ትቶ ሄደ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከ386 በዕድሜ ብዙ የሚያንሱ ነበሩ። በ2012 ቀድሞ የተሰናበቱትን፣ አይ.ቢ.ኤም. በ1987 ያወጣውን የማይክሮ ቻነልን ሥርዓትና ቶክን ሪንግ የተባለውን የመረብ ዓይነት፣ እንዲሁም በ2021 የወጣውን አሮጌውን የአይ.ዲ.ኢ. ዲስክ ድራይቨር በዚሁ መዝገብ መቍጠር ይቻላል፤ የመጨረሻው ግን ዲስኮቹን የሚደግፍ አዲስ ኮድ ከብዙ ዓመታት በፊት ተተክቶለት ስለ ነበር ሞት ሳይሆን ርክክብ ነው።

ሌሎቹ ኩባንያዎች የሄዱበትን መንገድ በአጭሩ ላንሣ። አፕል ሥልጣኑን ሁሉ በአንድ እጅ ስለ ያዘ፣ ከሞቶሮላ ወደ ፓወርፒሲ በ1994፣ ከፓወርፒሲ ወደ ኢንቴል በ2006፣ ከኢንቴልም ወደ ራሱ ፕሮሰሰር በ2020 ሲሻገር፣ በየጊዜው ጥቂት ዓመት የመሸጋገሪያ ምሕረት እየሰጠ ኋለኛውን ድልድይ አፈረሰ፤ የሚከራከረው አልነበረም፣ ቢኖርም አይሰማም። ማይክሮሶፍት በአንጻሩ ደንበኞቹ የዛሬ 20 ዓመት የገዙት ፕሮግራም እንዳይቆምባቸው ብሎ ብዙ ተሸከመ፤ የ16 ቢት ፕሮግራሞችን በ32 ቢት ዊንዶውስ ላይ እስከ መጨረሻው አስሄደ፤ በ2021 ዊንዶውስ 11 በ64 ቢት ብቻ ሲወጣ ግን ያ ዘመን አከተመ። በሁለቱም ዘንድ የሚወስነው ሻጩ ነው። ሊኑክስ የሚለየው ውሳኔው ለገበያ ሳይሆን ለምስክር የተተወ በመሆኑ ነው፤ ይህን ዕቃ ዛሬም አለኝ፣ እፈትነዋለሁ፣ ሲበላሽም አስተካክለዋለሁ የሚል ሕያው ሰው እስካለ ድረስ ዕቃው ይኖራል።

ለዚህ አባባል ኢታኒየምና አሚጋ ሁነኛ አስረጆች ናቸው። ኢታኒየም በኢንቴልና በሂውሌት ፓካርድ ትብብር በታላቅ ገንዘብና በታላቅ ተስፋ ተሠርቶ በ2001 የወጣ፣ የወደፊቱ ፕሮሰሰር ይባል የነበረ ነው። ገበያው ሳይቀበለው ቀረ፤ የመጨረሻው ጭነት በ2021 ወጣ። በዚያው ዓመት ቶርቫልድስ ድጋፉን እጓለ ማውታ ብሎ መዘገበው፤ ጠባቂ ስላልተገኘለትም 65000 ያህል መስመሮች ተሰርዘው በጥር 2024 የወጣው 6.7 እትም ያለ ኢታኒየም ወጣ። ጥቂት አፍቃርያን ሲቃወሙ ቶርቫልድስ የሰጣቸው መልስ ሊታወስ ይገባዋል፤ ያን ፕሮሰሰር በሥሪቱ እጅግ እንደሚጠላው ሳይሸሽግ፣ ከዋናው ኮድ ውጭ ጠብቀው ለአንድ ዓመት ያህል ሕያው አድርገው ቢያሳዩት ግን ስለ መመለሱ እንደ ገና ሊነጋገር ፈቃደኛ መሆኑን ነገራቸው። የሚጠላውን ዕቃ ጉዳይ ስለ ጠባቂው ሲል እንደ ገና ሊሰማ የተዘጋጀ ዳኛ ሕጉን በሚገባ የሚያውቅ ዳኛ ነው።

አሚጋ ደግሞ ኮሞዶር የተባለው ኩባንያ በ1985 ያወጣው የቤት ኮምፒዩተር ነው፤ ልቡ፣ በ1979 የተወለደው የሞቶሮላ 68000 ነው፤ ሊኑክስ ግን የሚሠራው የማኅደር ክልል መጠበቂያ ባላቸው በኋለኞቹ የአሚጋ ዓይነቶች ላይ ነው። ኮሞዶር በ1994 ከሰረ። ከዚያ ወዲህ ይህን ዕቃ በሕይወት ያቈየው ትርፍ የሚያገኝበት ኩባንያ አይደለም፤ በጣት የሚቈጠሩ፣ ኮምፒዩተሮቹን በቤታቸው አቧራ እያራገፉ አዲሱን ከርነል የሚጭኑባቸው፣ ስህተት ሲያገኙ የሚያርሙ ሰዎች ናቸው። የሠሪው ኩባንያ ከሞተ 30 ዓመት ያለፈው ኮምፒዩተር ኢታኒየምን በዕድሜ በለጠው፤ ዛሬም ድጋፉ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ በጠባቂው ስም ተመዝግቦ ይገኛል።

ይህ ሥርዓት ፍትሓዊ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጉድለት የለበትም ማለት ግን አልችልም። ምስክርን የሚጠይቅ ጉባኤ፣ ወደ ጉባኤው መጥቶ መናገር የማይችለውን ሰው አይሰማውም። አሮጌ ኮምፒዩተር የሚበዛው አዲሱን መግዛት በማይቻልበት አገር ነው፤ ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች በእርዳታም በንግድም ተጭነው በሚደርሱባቸው፣ የእኛም አገር ከእነርሱ አንዲቱ በሆነችባቸው አገሮች፣ አንድ የትምህርት ቤት ክፍል የሚማርበት ዕቃ ሄልሲንኪ ወይም ካሊፎርኒያ ውስጥ ለሚጽፈው ሰው የሙዚየም ዕቃ ሊመስለው ይችላል። በሚያዝያ 2025 ኢንጎ ሞልናር የ486ንና የመጀመሪያዎቹን 586 ፕሮሰሰሮች ድጋፍ የሚያስቀር ረቂቅ ሲያቀርብ፣ ቶርቫልድስም ለእነዚህ አንዲት ሴኮንድ ማባከን እንኳ ምክንያት የለውም የሚል አስተያየት ሲሰጥ፣ ስለ 486 እውነት ብለዋል፤ በ1989 የተወለደ ፕሮሰሰር ይዞ አዲስ ከርነል የሚጭን ተማሪ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ተራው ወደ 32 ቢት ኮምፒዩተሮች ሁሉ ሲደርስ ግን ጥያቄው ይከብዳል፤ ያን ጊዜ ስለ እነርሱ የሚናገር ሰው መኖር ይገባዋል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በቤትዎ፣ በትምህርት ቤትዎ ወይም በመሥሪያ ቤትዎ የሚሠራ አሮጌ ኮምፒዩተር ቢኖር፣ እንዲያው ቆሞ ከሚያረጅ አዲሱን የሊኑክስ ከርነል ይጫኑበትና ይፈትኑት፤ የተበላሸ ነገር ቢያገኙም በጠባቂዎቹ መዝገብ የክፍሉን ኃላፊ ስም ፈልገው የሆነውን በግልጥ ይጻፉለት። ቢሠራም መሥራቱን ይጻፉ፤ ዝም የተባለለት ዕቃ በዚያ ጉባኤ ዘንድ እንደሌለ ይቈጠራልና።